የማዘጋጃ ቤቱ ጥያቄ

«አባዬ፣ ማዘጋጃ ቤት ልንጋባ ነው» አለችኝ ልጄ በስልክ።

እንደ ማንኛውም የከተማ ሰው «ማዘጋጃ ቤት» የሚለውን ቃል ስሰማ ሐሳቤ ወዲያው ወረፋ ይይዛል። ካርታ፣ ግብር፣ ማኅተም፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ። ስለዚህ ልጄ ከሠርጉ በፊት የምታሟላው ወረቀት ያለ መስሎኝ፣ «ጥሩ ነው፣ ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ምሳ እንበላለን።»

«ሠርጉስ መቼ ነው?»

«እሱ ነዋ ሠርጉ!»

ነገሩ የሆነው በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። ልጄ ለትምህርት ብላ ስዊድን አገር፣ ስቶክሆልም ከሄደች ስድስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። የምታገባው የዚያው አገር ልጅ ነው። በፎቶግራፍ አውቀዋለሁ፤ ረጅም፣ ፂማም፣ ልጆችን የእንጨት ሥራ የሚያስተምር መምህር። ፈረንጅ መሆኑ አልከበደኝም። (እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከብዶኛል። ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።) ይበልጥ የከበደኝ ሌላ ነው። ሽማግሌ አልተላከብኝም። ማንም ሰው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ደጄን አንኳኩቶ፣ «ኧረ ተቀመጡ» ስለው «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አላለኝም። እኔም «እስቲ እናስብበት፣ ዘመድ እናማክር» ብዬ የመኩራት ዕድል አላገኘሁም።

«ሽማግሌ እንኳ ሳይላክ?» አልኳት።

ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባዬ፣ ስለ ሠርግ የጻፍከውን እያነበብኩ እኮ ነው ያደግኩት። አሁን ምን ልሁንልህ?» አለችኝ።

አንባቢ ያስታውስ እንደሆነ በዚሁ ዓምድ ላይ ስለ ሠርግ ብዙ ብያለሁ። ሁለት መቶ ሰው ማብላት የማይችል ቤተሰብ ስድስት መቶ ሰው ሲጠራ፣ ለግማሽ ቀን የተከራዩት መኪና የዓመት ደመወዝ ሲበላ፣ ሙሽሮች ከጫጉላ ቤት ወጥተው በቀጥታ ዕዳ ውስጥ ሲገቡ አይቼ ተቆጥቻለሁ። ትዳር በድንኳን ስፋት አይለካም ብዬም ፈርጃለሁ። መንገድ ላይ እያስቆሙ «አበጀህ» ያሉኝ ነበሩ። ለካስ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው ለሌላ ሰው ልጅ ነው። የገዛ ልጁ አንብባ ሥራ ላይ ስታውለው ይደነግጣል።

«እንግዲያው እኔ አልመጣም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

ባለቤቴ አልጋ ላይ የዋሉ እናቷን ታስታምም ስለነበር ከቤት መራቅ አትችልም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳትለኝ ቆየች። በመጨረሻ አንድ ማታ እራት እያቀረበች፣ «እኔ መሄድ ፈልጌ አልቻልኩም። አንተ መሄድ እየቻልክ አልፈልግም ትላለህ። እግዜር ምን ይለን ይሆን?» አለች። ምን መልስ አለው? ሄድኩ። ሽሮውና በርበሬው ሻንጣ ውስጥ ገባ። ኩርፊያዬን ግን አላመንኳቸውም፣ በእጄ ይዤው ተሳፈርኩ።

ስቶክሆልም የደረስኩት የሰኔ መጀመሪያ ሐሙስ ማታ ነው። ማታ ማለት ግን ይከብዳል፤ በዚያ ወር እዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጧት ልጄ አንድ ቲኬት እጄ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ሥራ አለብኝ። ነገ የምንጋባበትን ቤት ዛሬ ሂድና አስጎብኚዎቹ ያሳዩህ። በእንግሊዝኛ ነው የሚያስረዱት» አለችኝ። ተንኮሏ ገብቶኛል። አባቷ ታሪክ ያለው ግድግዳ ፊት ቆሞ ማኩረፍ እንደማይችልበት ታውቃለች።

ቤቱ ሜላረን በሚባለው ሐይቅ ዳር፣ ውኃው ጫፍ ላይ ነው የቆመው። ከታች እስከ ላይ ቀይ ጡብ ነው፤ ስምንት ሚሊዮን ያህል ጡብ ፈጅቷል። በአንድ ማዕዘኑ 106 ሜትር የሚረዝም ማማ አለው፤ በማማው ጫፍ ላይ የአገሪቱ ምልክት የሆኑት ሦስት ዘውዶች በወርቅ ቀለም ያበራሉ። የነደፈው ራግናር ኦስትበርግ የሚባል አርክቴክት ነው። ሥራው በ1911 ተጀምሮ በሰኔ 1923 ተመረቀ። (የስዊድኖቹን ዓመት ሁሉ በእነርሱው አቆጣጠር ነው የምጠራው።) ቀኑ የተመረጠው ጉስታቭ ቫሳ የተባለው ንጉሣቸው በ1523 ድል አድርጎ ስቶክሆልም ከገባ አራት መቶ ዓመት የሚሞላበት እንዲሆን ታስቦ ነው። እኔ የደረስኩ ጊዜ ቤቱ ራሱ መቶ ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር።

ቀና ብዬ ማማውን ሳይ የእኛው ማዘጋጃ ቤት ትዝ አለኝ። እርሱም ከቸርችል ጎዳና አናት ላይ ሆኖ ባለሰዓት ማማውን ቀጥ አድርጎ ከተማውን ቁልቁል ያያል። የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽም የእርሱ ሥራ ነው። ከተማ ማለት እንደ ሰው ነው፤ ለክብሩ ሲል የማይሆነው ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኑ የእግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥቱ የንጉሥ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ግን የነዋሪው ነው። ነዋሪውም ተራ ሰው መሆኑ እንዳይታወቅበት ማማ ይሠራል።

መጀመሪያ የገባነው «ሰማያዊው አዳራሽ» ከሚባለው ነው። ዙሪያዬን ባይ ባይ ሰማያዊ ነገር አጣሁ። ግድግዳው እንደ ውጪው ቀይ ጡብ ነው። አስጎብኚያችን፣ ሃያ ዓመት የማይሞላው የሚመስል ወጣት፣ ግራ መጋባታችንን ሲጠብቅ ኖሮ ፈገግ አለ። ኦስትበርግ ግድግዳውን ሰማያዊ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ጡቡ ተደርድሮ ሲያየው ግን ቀዩ አሳዘነውና መሸፈኑን ተወው። ሰማያዊ የሚለው ስም ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ይኸው መቶ ዓመት ቀዩን አዳራሽ ሰማያዊ ሲሉት ይኖራሉ። እኔም «ስምና ግብር» እያልኩ በሆዴ ሳቅሁ። ኩርፊያዬ መጀመሪያ የተሰነጠቀችው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

በየዓመቱ በእነርሱ ዲሴምበር 10 ቀን የኖቤል ተሸላሚዎች ከንጉሡና ከንግሥቲቱ ጋር እራት የሚበሉት በዚህ አዳራሽ ነው። ብዙ ሰው ሽልማቱንም እዚሁ የሚቀበሉ ይመስለዋል። ሽልማቱ የሚሰጠው በከተማው ኮንሰርት አዳራሽ ነው፤ ወደዚህ የሚመጡት ለእራቱ ነው። የሰላሙ ሽልማት ደግሞ ጭራሽ ሌላ አገር፣ ኖርዌይ፣ በኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚሰጠው። የስቶክሆልሙ እራት ድሮ ፎቅ ላይ ባለው በወርቃማው አዳራሽ ነበር፤ ከ1974 ጀምሮ ወደዚህ ወረደ። 1,300 የሚያህል ሰው ይታደማል። ሰፊው ደረጃ ላይ ረጅም ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ሲወርዱ እንዳይደናቀፉ፣ አርክቴክቱ ደረጃው ሲሠራ ባለቤቱን እያስወጣና እያስወረደ ለካው ይባላል። እውነት ይሁን ተረት፣ ወጥቼ ስወርድበት እኔም ቀሚስ የለበስኩ ያህል ተዝናንቼ ነው የሄድኩት።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለኖርኩ ሰው ያ ወለል ተራ ወለል አይደለም። ሾይንካ ለአፍሪካ የመጀመሪያውን የሥነ ጽሑፍ ኖቤል በ1986 ያገኘ ጊዜ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ቶኒ ሞሪሰን በ1993 እዚሁ ተነሥታ ንግግር አድርጋለች። ደረጃው ሥር ቆሜ ተራ በተራ ሳስባቸው ናጊብ ማህፉዝ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ተያዘ። ግብፃዊው ማህፉዝ በ1988 ሲሸለም ስቶክሆልም አልሄደም። ካይሮውን ትቶ መራቅ የማይወድ ሰው ነበር። ሽልማቱን የተቀበሉለት ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ናቸው። ተማሪዎቼን ይህን ስነግራቸው እንደ ትልቅ ሰው ጨዋነት አድርጌ ነበር። እዚያ ቆሜ ግን ነገሩ በሌላ በኩል ታየኝ። ልጆች ወደ ትልቁ አዳራሽ ሄደው አባት ቤቱ ሲቀር። ማህፉዝስ ለራሱ ክብር ነው የቀረው። እኔ ልቀርበት የነበረው ክብር ግን የልጄ ነበር።

ደረጃውን ወጥተን የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰብበት አዳራሽ ገባን። 101 ተመራጮች የሚቀመጡበት ነው። ጣሪያው እንጨቶቹን አግጥጦ ወደ ላይ ይሾላል፤ የተገለበጠ የጥንት መርከብ ይመስላል። ከፍ ብሎ ለሕዝብ የተዘጋጀ ሰገነት አለ፤ ስብሰባ ሲኖር የፈለገ ሰው መጥቶ ያዳምጣል። ቤቱ ከመመረቁ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1921፣ የስዊድን ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በብሔራዊ ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል። ይህን ከዚያ በፊት አንድ መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። ለካ ያን ቤት ሲሠሩት ከግማሽ በላዩ ዘመን ሴቶቻቸውን ሳይጠይቁ ነው። የማንም አገር ሰው መጠየቅን በአንድ ቀን አልተማረም።

ቀጥሎ የገባንበት ክፍል ትንሽ ነው። ቅርጹ እንደ እንቁላል ሞላላ ስለሆነ «ኦቫል» ይሉታል። ግድግዳው ላይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ አገር የተሸመኑ፣ ዛፍና አዕዋፍ ያለባቸው ትላልቅ የግድግዳ ጨርቆች ተሰቅለዋል። ከዕድሜያቸው የተነሣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሄዷል። አስጎብኚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው የሚጋባው እዚህ ነው» አለ። ጆሮዬ ቆመ።

«ሁለት ዓይነት ሥነ ሥርዓት አለ፤ ረጅምና አጭር» ሲል ቀጠለ። «አጭሩ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ረጅሙ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው።»

ጎብኚዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ሦስት ደቂቃ! የእኛ ሊስትሮ እንኳ ለአንድ ጫማ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይሰጣል። የተሰነጠቀችው ኩርፊያዬ እንደገና ገጠመች።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በግማሽ ልብ ነው ያየሁት። የልዑሉ ጋለሪ የሚባል ረጅም ክፍል አለ፤ በአንድ ወገኑ መስኮቶቹ ሐይቁን ያሳያሉ። በሌላው ወገን ልዑል ዩጂን፣ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሠዓሊ የነበረው፣ ያንኑ የሐይቅ ዳርቻ ግድግዳው ላይ ሥሎታል። ግብር ሲኖር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚቀመጥ እንግዳ ውኃው እንዳይቀርበት ብለው ነው አሉ። ደግ ሐሳብ ነው። ወርቃማው አዳራሽ ደግሞ ስሙን አያሳፍርም። ከ18 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የመስተዋትና የወርቅ ጠጠሮች የተለበጠ ነው፤ የሥዕሉን ንድፍ ያወጣው አይናር ፎርሴት ነው። በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ዓይኗን ያፈጠጠች፣ ፀጉሯ የተበተነ፣ «የሜላረን ንግሥት» የምትባል ትልቅ ሴት ተቀምጣለች፤ በግራና በቀኝ ምሥራቅና ምዕራብ ለክብሯ ይመጣሉ። እሷ ስቶክሆልም ናት። በምረቃው ጊዜ «ይህች አስቀያሚ ማን ናት?» ብለው ብዙ የተንጫጩባት ነበሩ። ዛሬ ይኮሩባታል። እኔም ወርቁ ሁሉ እያብለጨለጨብኝ ስለ ሦስት ደቂቃ አስብ ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ደወልኩ። ወርቁንም ሐይቁንም ሳልነግራት «ሦስት ደቂቃ!» አልኳት።

«የኛስ ስንት ደቂቃ ፈጀ?» አለችኝ።

«የኛ ምኑ?»

«ማዘጋጃ ቤቱ ነዋ።»

የእኛ ሠርግ በ1988 ዓ.ም. ነው። ስለ ሠርጉ ጠይቁኝ፤ ሁሉን እነግራችኋለሁ። እናቴ ዕቁቧን ቀድማ ወስዳ ደገሰችልን። ስንት ሙክት እንደታረደ፣ የትኛው አጎቴ ጠጥቶ ድንኳኑን ተደግፎ እንደጣለው፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ እንደመጣ አስታውሳለሁ። ማዘጋጃ ቤት የሄድነው ግን ከድግሱ በፊት በነበረው ሳምንት፣ በሥራ ቀን ነው። ከሥራ ባልደረባዬ ኮት ተውሼ ነበር። ከአራቱ ምስክሮች አንዱ ዘግይቶብናል። እኔም ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ነበር። ከዚህ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለኝም። የክብር መዝገብ ሹሙን መልክ እንኳ አላስታውስም። የፈረምኩትን ፈርሜ ወጣሁ። ለእኔ ያ ክፍል የወረቀት ጉዳይ ነበር።

«ሰውየው መነጽሩን አወለቀና ከወንበሩ ተነሣ» አለችኝ ባለቤቴ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። «ግራጫ ክራባት ነበር ያሰረው። ከአንተ በፊት ወደ እኔ ዞረና 'ወደሽ ነው?' አለኝ።»

«እንዴ፣ እሱን እኮ ለሁሉም ነው የሚሉት።»

«ለሁሉም ይበሉት። እኔን ግን ከዚያ በፊት የጠየቀኝ አልነበረም። ሽማግሌ ስትልክ አባቴን ጠየቁ። አባቴ አጎቶቼን ጠየቀ። አጎቶቼ ዘርህን ጠየቁ። እናቴ ደመወዝህን ጠየቀች። እኔ ጓዳ ሆኜ ቡና አፈላ ነበር።»

«እኛ እኮ ተዋደን ነው የተጋባነው» አልኩ። እንደመከላከል ነበር።

«መዋደዱንማ ተዋደናል። ግን አንተም ብትሆን 'እንጋባ' አልክ እንጂ 'ታገቢኛለሽ ወይ?' አላልክም። የጠየቀኝ ያ ሰውዬ ብቻ ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም።» ትንሽ ቆየችና ደግሞ፣ «ቀጥሎ አንተን ጠየቀህ። አልሰማኸውም። ሰዓትህን ታይ ነበር። ሁለተኛ ጠየቀህ» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የማይጨልም ሌሊት ለመተኛትም ለመሸሸግም አይመችም። ሃያ ሰባት ዓመት በትዳር ኖሬ፣ የትዳሬ ትልቁ ጥያቄ የተጠየቀበትን ክፍል ሳላየው ነው የወጣሁት። ሕጉማ ያውቅ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሁለቱን ተጋቢዎች ፈቃድ ይጠይቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በሁለቱ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ይመሠረታል ይላል። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግም የሴቷን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ ሲያደርገው፣ ለመጠየቅ የደረሰ ሰው ይጠየቅ ማለቱ ነው። ይህ ሁሉ የተጻፈ ነው። የተጻፈ ነገር ማንበብ ደግሞ ሥራዬ ነበር።

ሽማግሌ አልተላከብኝም ብዬ የተቆጣሁትስ ለምንድን ነው? ለልጄ አስቤ ነው ወይ? አልጋዬ ላይ ተገላብጬ ራሴን ስመረምር፣ መጠየቅ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ልጄ ተጠይቃ መልሳለች። እኔ አለመጠየቄ ነው ያንገበገበኝ።

ሽማግሌን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምለው። ሽማግሌ ዋጋው በመምጣቱ ብቻ አይደለም፣ በመመለሱም ነው። ባልና ሚስት የተጣሉ ለት እነዚያው ሰዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው እንደገና ይመጣሉ። የማዘጋጃ ቤት ሹም ግን አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ አስፈርሞ፣ ቀጣዮቹን ተጋቢዎች ይጠራል። ተጣልታችሁ ብትሄዱበት ሌላ ቢሮ ያሳያችኋል። አንዱ የሚጠይቀውን ሌላው አይጠይቅም፤ አንዱ የሚሸከመውን ሌላው አይሸከምም። ስህተቴ አንደኛውን ሠርግ ሌላኛውን ወረቀት ማለቴ ነው።

ቅዳሜ ጧት በግቢው ውስጥ ወረፋ ነበር። አዎ፣ እዚያም ወረፋ አለ! ግን እንዲህ ዓይነት ወረፋ አይቼ አላውቅም። ነጭ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ አለች፤ ከኋላዋ ጂንስ ሱሪ የለበሱ ጥንዶች ቆመዋል። ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌና አሮጊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው መሰለኝ ጽጌረዳ ይበትኑላቸዋል። ንጉሡ በዓመት አንድ ምሽት እራት የሚበላበት ቤት ነው። ለእነዚህ ሁሉ ደግሞ ቅዳሜ ይከፈታል። ማንም ሰው የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠየቃቸውም።

የእኛ ወገን አሥራ ሁለት ሰው ነው። የሙሽራው እናት ከሜዳ የለቀሙትን አበባ በእጃቸው ይዘዋል። ልጄ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፤ እናቷ ያሠራችላት ናት። ተራችን ደርሶ ኦቫሉ ውስጥ ገባን። አጋቢዋ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ነበሩ። በስዊድንኛ ያነባሉ፤ አንዲት ቃል አልገባኝም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ። ቀና ብለው ልጄን አዩዋት። ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ ጥያቄ ነው።

ልጄ ወዲያው አልመለሰችም። ዓይኗን ወደ እኔ ዞር አድርጋ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ልጁ ተመለሰች። መለሰችም።

ሥነ ሥርዓቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አትጠይቁኝ። ሰዓቴን ጧት ልጄ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር የወጣሁት።

ከዚያ ወጥተን ከቤቱ ሥር ባለው የሐይቅ ዳር አትክልት ቦታ ቆምን። ባለቤቴ በስልኩ መስኮት ታየናለች። እናቷም ከአልጋቸው ቀና ብለው በትከሻዋ በኩል ያያሉ። ሁሉም ሰው እየተሳሳመ ሳለ ልጄን ገለል አደረግኋትና በአማርኛ «ወደሽ ነው?» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ ሞላ። «ወድጄ ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

«እንግዲያው ጥሪው፣ ልመርቃችሁ።»

ልጁ መጣ። አስተምራው ኖሮ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢያንስ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ ብሎ፣ ብሎ ጉልበቴ ጋ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ከአጭሩ ሥነ ሥርዓት አያንስም። አንሥቼ ትከሻውን ሳምኩት። እጆቼን ዘርግቼ መረቅኋቸው። ውለዱ ክበዱ፣ እንደ አብርሃም እንደ ሣራ ያድርጋችሁ፣ የወጣ የገባውን የሚያበሉ እጆች ይስጣችሁ፣ ስትጣሉ አስታራቂ አትጡ፣ አስታራቂውም በአውሮፕላን ይምጣ። አባቴ የመረቁኝንም፣ አማቴ የመረቁኝንም፣ ያልተመረቅሁትንም ጨማመርኩበት። በየመሐሉ የሙሽራው ወላጆች ሳይገባቸው «አሜን» ይሉ ነበር፤ ልጄ ነግራቸዋለች። ስጨርስ ስልኩ ውስጥ ባለቤቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ሐይቁ ዳር ተራቸውን የሚጠብቁት ሙሽሮች ሁሉ ዞር አሉ። ሰባ ዓመቷ ሙሽራ ደግሞ አጨበጨበች።

የሙሽራው አባት «ምን ብለው ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጄም «ብዙ ነው፣ አባቴ ሲጽፍም እንደዚሁ ነው» ብላ ገላገለችኝ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር በታክሲ በፒያሳ ስናልፍ ማዘጋጃ ቤቱ ብቅ አለ። ሹፌሩን አውርደን አልነው። በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ቆመን ማማውን አንጋጠን አየነው። «የቱ ክፍል ነበር?» አልኳት። በእጇ አሳየችኝ። መስኮቱን ሳይቀር ታውቀዋለች።

ወደ እሷ ዞርኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ቢሆንም ጎሮሮዬን ጠራርጌ «ወደሽ ነው?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። ክንዷን አንሥታ ሰዓቷን አየች። ያልሰማች መሰለች። ሁለተኛ እስክጠይቃት ድረስ እየጠበቀች ነበር።